ያልላላው ዳዶ

ፈጣሪ ለሬዲዮ ሠሪው ሲያድለው ጆሮ አደለው። መልኩ ከመካከለኛ አያልፍም፤ አንደበቱም ከዝምታ ትንሽ ቢሻል ነው። ጆሮው ግን ሌላ ነበር። የመኪና ሬዲዮ ሲንጫጫ ሌላው ሰው አንድ ጩኸት ብቻ ይሰማል፤ እሱ ጩኸቱ ከየት እንደተወለደ ለይቶ ያውቃል። ጠቅ ጠቅ የሚለው እሳት ከሚጭረው ካንዴላ ነው። ዝናብ መጥረጊያው በተመላለሰ ቁጥር የሚያጉረመርመው ከመጥረጊያው ሞተር ነው። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር እንደ ትንኝ እየቀጠነ ሽቅብ የሚወጣው ደግሞ ከዲናሞው።

ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም። የተጣሉ ሬዲዮኖች እየፈታና እየገጠመ፣ እየተሳሳተና እንደገና እየጀመረ ያገኘው ነው። ጠዋት የሱቁን በር ሲከፍት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አጭር ጸሎት ያደርጋል፤ ከዚያ ቱታውን ለብሶ ሥራው ላይ ይቀመጣል። ከሱቁ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው ጎሚስታ፣ ጎማ ሲጠግንና ሲነፋ የሚውል ተጫዋች ሰው፣ «ጆሮ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። ሰፈሩም ስሙን ሳያንገራግር ተቀበለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት አሮጌ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመች። ቀለሟ በፀሐይ ደብዝዟል፤ መስታወቷ ግን እንደ መነጽር ተወልውሏል። መሪ የያዘችው ወጣት ሴት ናት። ከጎኗ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«ሬዲዮኑ ያለቅሳል» አለች መስኮቱን ዝቅ አድርጋ።

«መቼ መቼ ነው የሚያለቅሰው?»

«እኔ ስነዳ።»

«እሷ ስትነዳማ እኔም አለቅሳለሁ» አሉ ሽማግሌው ፊት ለፊት እያዩ።

«አባዬ፣ ተው እንግዲህ» ብላ ሳቀች።

ሬዲዮ ሠሪው አልሳቀም። አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጎ ያዳምጥ ነበር። ሳቋንም የሰማው በዚያው ጆሮ ነው፤ በኋላ ሲያስበው ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ነበር።

«ሞተሩን ያጥፉት እስቲ። ሬዲዮኑ እንደተከፈተ ይሁን።»

አጠፋች። የዜና አንባቢው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ።

«አሁን ያስነሡት።»

አስነሣች። ከዜናው ሥር ቀጭን ፉጨት ተነሣ።

«ነዳጅ ይስጡት። ቀስ እያሉ። አሁን ይልቀቁት።»

ፉጨቱ ከእግሯ ጋር ወጣ፤ ከእግሯ ጋር ወረደ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ሰው ሲጸልይ እንጂ ሲሠራ እንዲህ ዓይኑን ሲጨፍን አይታ አታውቅም። እንደማያያት ስላወቀች ረዘም አድርጋ አየችው።

በዳሽቦርዱ ሥር ተንጋሎ የአንቴናውን ገመድ ነቀለ። ዜናው ጠፋ፤ ፉጨቱ ብቻውን ቀረ።

«በአየር የሚመጣ ቢሆን ከአንቴናው ጋር አብሮ ይጠፋ ነበር» አለ እየወጣ። «ይሄ በሽቦ ነው የሚመጣው።»

ኮፈኑን ከፈተ። ከሱቁ ወፍራም ሽቦ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን የመኪናዋ አካል ላይ ነካ ሲያደርገው ፉጨቱ ቀጥ አለ። ሲያነሣው ተመለሰ። አሁንም ነካ፤ አሁንም አነሣ።

«ዲናሞው ደህና ነው። ሞተሩን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ግራውንድ ነው የታመመው። ኤሌክትሪኩ መመለሻ መንገድ ሲያጣ በሬዲዮኑ በኩል ሾልኮ ያልፋል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መንገድ የተዘጋበት ሾፌር የሰው ግቢ አቋርጦ እንደሚሄደው ማለት ነዋ።»

«ልክ እንደዚያ ነው አባባ።»

የግራውንዱን ጠፍጣፋ ሽቦ ሞተሩ ላይ ያሰረውን ዳዶ ፈትቶ ከሥሩ የተጋገረውን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጀመረ። እስኪጨርስ ሽማግሌው የሕይወታቸውን ግማሽ አወሩለት። የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መሪውን ለልጃቸው ሰጡ፤ እሷም ከሥራ ስትወጣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከተማውን ታዞራቸዋለች። ቤት ውስጥ ሬዲዮ አለ፤ እሳቸው ግን መኪና ውስጥ ካልተቀመጡ ዜናው የደረሳቸው አይመስላቸውም። ጭቃ የያዛቸውን ቦታ፣ ፍሬን የከዳቸውን ቁልቁለት፣ አንዱንም ሳያስቀሩ ተረኩለት።

ልጅቷ እነዚህን ታሪኮች በቃሏ ታውቃቸዋለች። ቤታቸው የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ሰዓቱን ማየት እንደሚጀምርም ታውቃለች። ይህ ሰው ግን እጁ ሞተሩ ላይ፣ ጆሮው አባቷ ዘንድ ነበር። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ቀና ብሎ፣ «ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገቡ ማርሹ አልጮኸም?» አላቸው።

የአባቷ ፊት በራ። «ጮኸ እንጂ። ይህን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ሥራው አልቆ ሞተሩ ሲነሣ ከዜናው ሥር ምንም አልነበረም።

«ንጹሕ ነው» አለ ሬዲዮ ሠሪው። እሷ ደግሞ፣ ምነው ትንሽ ፉጨት በቀረው፣ ብላ አሰበች፤ በሐሳቧም አፈረች።

ሁለት መንገድ አልፎ ካለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ አስተካካይ ናት። አዲስ አትሰፋም፤ የሰፋውን ታጠብባለች፣ የጠበበውን ታሰፋለች፣ የረዘመውን ታሳጥራለች። ጣቶቿ ላይ ሁልጊዜ የሰማያዊ ጠመኔ ምልክት አለ።

በዚህ ሥራዋ ላይ የገጠማት አንድ ነገር ነበር። አንድ ጨዋ ደንበኛ የጃኬቱ ቁልፍ ወልቆ አመጣላት። ሰፋችለት። ሰንብቶ ተመለሰ፤ ያው ቁልፍ ወልቋል። ክሩን ስታየው አልተበጠሰም፤ በምላጭ ተቆርጧል። እሷን ለማየት ሲል ራሱ እንደቆረጠው ገባት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ልቧ ግን አልሄደለትም። በቃል ልታዋርደው ስላልፈለገች ቁልፉን በድርብ ክር፣ ከሥሩ ሌላ ትንሽ ቁልፍ ደግፋ፣ ከጃኬቱ ዕድሜ በላይ እንዲቆይ አድርጋ ሰፋችው። «ከእንግዲህ አይወልቅም» አለችው። ሰውየው ቁልፉን በጣቱ ዳበስ ዳበስ አድርጎ አያት፤ አመስግኖ ወጣ፤ አልተመለሰም። አንድ ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ ተለያዩ።

ከዚያ ወዲህ፣ በእጁ ሥራ የሚኖር ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያነብ ይመስላት ነበር።

በዚያው ሰሞን የአባቷ ታላቅ እኅት ቤታቸውን ማዘውተር ጀመሩ። ለእሷ ያጩት፣ ሌላ ከተማ የሚኖር፣ ውኃ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ነበራቸው። ቤተሰቡ የሚታወቅ፣ ራሱም የተረጋጋ፤ አባቷን አብሮ ለማኖርም ፈቃደኛ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ወሩ እስኪያልቅ ነው የሚጠብቀው» አሉ አክስቷ። «ወይ እሺ በይ፣ ወይ ደግሞ እሱ ነው ብለሽ ሌላ ሰው አሳዪኝ። ባዶ ወንበር እያሳየሽ ሰው ይዞታል አትበይኝ።»

አባቷ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ፣ «መሪው እሷ እጅ ነው» አሉ።

«አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር መኪና ታደርገዋለህ።»

ልጅቷ የምታሳየው ሰው ቢኖራት ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠውን ሰው ነበር የምታሳየው። እሱ ግን ከሬዲዮኑ በቀር ምንም አላላትም። እንዲላት ደግሞ ልታገኘው ይገባል፤ ለማግኘት ምክንያት ያስፈልጋታል፤ ምክንያቱን ደግሞ እሱ ራሱ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አጥፍቶታል።

በማግስቱ የአባቷን የመፍቻ ሣጥን ከፈተች። ኮፈኑን አንሥታ ያን ዳዶ ፈለገች፤ የጠረገው ብረት ገና ያበራል። መፍቻውን ገጥማ ገፋ አደረገችው። ነገሩ ስፌት ከመፍታት አይከብድም ነበር።

«እንደገና ያለቅሳል» አለችው መኪናዋን ሱቁ ደጃፍ አቁማ።

ብቻዋን ነበረች። እሱ ኮፈኑን ከፍቶ ዳዶውን በጣቱ ነካው፤ ዞረ። በጣት የሚዞር ዳዶ በእሱ ሙያ ነውር ነው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። በደንብ አላጠበቅሁትም ማለት ነው።»

አጠገቡ ቆማ ፊቱን ታነብ ነበር። ዳዶው ጠርዝ ላይ የእሷ መፍቻ ያሳረፈው አዲስ ጭረት አለ፤ በምላጭ እንደ ተቆረጠ ክር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሱም አይቶታል። የራሱ መፍቻ መስሎት አለፈው።

«እርስዎ እርስዎ አትበለኝ» አለችው። «አርጅቼብሃለሁ እንዴ?»

«ደንበኛ ነዎት እኮ።»

«ደንበኛ ባልሆንስ?»

መፍቻው እጁ ላይ ቆመ። ከጎን ጎሚስታው የአንድ ጎማ አየር አስተነፈሰ፤ ረጅም ፉጨት በመካከላቸው አለፈ።

«እሺ፤ አንቺ» አለ በመጨረሻ፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ነገር አፉ ውስጥ አገላብጦ።

«አየህ፣ አልሞትክም። ቆይ፣ ስታዳምጥ ዓይንህን የምትጨፍነው ለምንድን ነው?»

«ዓይን ያቻኩለኛል።»

«እኔ ስሰፋ ዓይኔን ብጨፍን ጣቴን ነበር ከቀሚሱ ጋር የምሰፋው።»

ሳቀ። ሲስቅ ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ፊቱ የሌላ ሰው ሆነ። ዳዶውን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላም ሁለቱም ከኮፈኑ አጠገብ አልተነሡም። ስለ ምንም ነገር አወሩ፤ ስለ ጠመኔ፣ ስለ ክር ዓይነት፣ ስለ ዝናብ። ከምትናገረው ይልቅ በመካከል የሚመጣው ዝምታ ጣፈጣት፤ እንድትሞላው የማያስገድድ ዝምታ ነበር።

ስትሄድ ጎሚስታው ከጎማው ላይ ቀና አለ።

«ጆሮ፣ የዚያች መኪና ችግሯ ገብቶሃል?»

«ግራውንዱ ላልቶ ነው።»

«ግራውንዱ ነው» አለ ጎሚስታው ወደ ጎማው እየተመለሰ። «እኔ ነፋስ ነው የምሸጠው፤ ምን አውቃለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሬዲዮ ሠሪው የጠዋት ጸሎት ረዘመች። በሩን ይከፍታል፤ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ቱታው መስቀያው ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። የሚለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ስሟን ጠርቶ ነበር የሚለምነው።

ነገር ግን የሚያሰናክለው ነገር ነበረ። ሰው ተቸግሮ ደጁ ሲመጣ፣ ችግሩን ተገን አድርጎ የራስን ጉዳይ ማንሣት በእሱ ዘንድ ከስርቆት አይለይም። መኪናዋ እጁ ላይ ታምማ ሳለ «ወደድኩሽ» ቢላት እምቢ ለማለት እንኳ ይቸግራት ይሆናል፤ የአባቷን ሬዲዮ ማን ይሠራላታል? ስለዚህ መጀመሪያ ሥራው ያልቃል። መኪናዋ ፈጽሞ ትድናለች። ከዚያ ምንም ሳይቸግራት፣ ምንም ሳይበላሽባት በገዛ እግሯ ስትመጣ፣ ያን ጊዜ በነጻነት ይናገራል፤ እሷም በነጻነት ትመልሳለች። እንዲህ አድርጎ ከራሱ ጋር ተስማማ። ሐሳቡ ንጹሕ ነበር፤ ንጹሕ ሐሳብ መሆኑን ግን ከፈጣሪና ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። አባቷም ነበሩ።

«ይሄ ዳዶ» አሉ አባቷ፣ ኮፈኑ እንደተከፈተ፣ «ሰው ሳይነካው በራሱ ይላላል?»

«ንዝረት ነው አባባ። አሮጌ ሞተር ይነዝራል።»

«ይችን መኪና ዕድሜ ልኬን ነዳኋት። ዳዶ ጥላ አታውቅም።»

«አባዬ» አለች ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ። አባቷ ባርኔጣቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው የተኙ መሰሉ።

የሽማግሌው ቃል ሬዲዮ ሠሪውን ቆረጠው። ዳዶ ጥላ የማታውቅ መኪና በእሱ እጅ ሁለት ጊዜ ላልታለች ማለት ነው። ሱቁ ገብቶ ከዳዶ ሥር የሚገባ፣ በስፕሪንግ የሚይዝ የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ አመጣ። አስገባው፤ ዳዶውን በሙሉ ክብደቱ ተጭኖ አጠበቀው። በላዩ ሁለተኛ ዳዶ ደርቦ ቆለፈው። ከዚያ ትንሽ ብሩሽ ቀይ ቀለም ነክሮ ከዳዶው ጫፍ እስከ ብረቱ ድረስ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ድምፅዋ ደርቋል።

«ምልክት ነው። ዳዶው ትንሽ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል፤ የነካው ነገር ካለ ወዲያው ይታወቃል።»

«ሁለተኛ አይላላም?»

«አይላላም። ከእንግዲህ ለዚህ ብለሽ መመላለስ የለብሽም።»

ንግግሩ አላለቀም ነበር። የቀረው ግማሽ ምላሱ ላይ ነበር፤ ዝም ብለሽ ነይ፣ ምንም ሳይበላሽ ነይ፣ የሚል። ግን አባቷ ተቀምጠዋል፤ ጎሚስታውም ሥራ የፈታ መስሎ አንገቱን አስግጓል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ትመጣ የለ፣ ያን ጊዜ ይደርሳል ብሎ ግማሹን ዋጠው።

እሷ ያየችው ድርቡን ክር ነው። ከሥሩ የተደገፈውን ትንሽ ቁልፍ ነው። እሷ ራሷ ለሌላ ሰው የሰፋችውን መልስ አሁን በብረት ተሠርቶ አገኘችው። ቀዩን መስመር በጣቷ ነካችው፤ አልደረቀም ነበር፤ በሰማያዊው ጠመኔ ላይ ቀይ ተቀባ።

«ገባኝ» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ያን «ገባኝ» ጆሮው ሰምቶታል። ከወትሮው ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ከሥሩ አንዳች ነገር ያለበት ነበር። ከየት እንደመጣ ግን አልመረመረም። በሕይወቱ ሰምቶ ሳይመረምር ያለፋት ድምፅ ያች ብቻ ናት።

መጠበቅ ጀመረ። ንጹሕ ሸሚዝ ከቤቱ አምጥቶ ከበሩ ጀርባ ሰቀለ። ጎሚስታው ሸሚዙን አይቶ «የማን ሰርግ ነው?» አለው፤ እሱ ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

አንድ ከሰዓት የመኪናዋን ሞተር ከመንገዱ ጫፍ ለየው። ተጣድፎ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቱታውን አወለቀ፣ ሸሚዙን አወረደ። መኪናዋ እየቀረበች መጣች፤ ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ደጃፉ ላይ ልትቆም ምንም አልቀራት። በተከፈተው መስኮት የሬዲዮኑ ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ፤ ከሥሩ ምንም የለም። ልቡ በደስታ መታ፤ ሳይበላሽ መጣች። ሞተሩን ታጠፋለች፤ ትወርዳለች፤ ትገባለች። እስክትገባ የሸሚዙን ቁልፎች መቆለፍ ነበረበት።

ውጭ እሷ እግሯን ፍሬን ላይ አድርጋ በሩን ታይ ነበር። ማታ ለአክስቷ መልስ ትሰጣለች። በሩ ክፍት ነው፤ ሞተሯን እንደሚለይ ታውቃለች፤ ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትስጥ? ብቅ ቢል፣ እጁን እንኳ ቢያነሣ ይበቃት ነበር። አባቷ ከጎኗ፣ «ውረጂ እንጂ» አሏት ቀስ ብለው።

«ምን ብዬ ልውረድ አባዬ? ምንም አልተበላሸም።»

ነዳጅ ሰጠች።

የሞተሩ ድምፅ ሽቅብ ሲወጣ ሬዲዮ ሠሪው ሸሚዙን አጋማሽ ድረስ ቆልፎ ነበር። እስኪወጣ መኪናዋ ጥግ ዞራለች። መንገዱ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ የራቀውን ዜና ሰማ፤ ጥራቱ የራሱ እጅ ሥራ ነበር።

ማግባቷን የነገረው ጎሚስታው ነው። ያን ጊዜ ብቻ አልቀለደም። «የዚያች መኪና ልጅ ሌላ ከተማ ተዳረች አሉ። አባትየውንም ይዛቸው ሄደች» አለና፣ ነፍቶ የጨረሰውን ጎማ እንደገና መንፋት ጀመረ።

ዓመታት አለፉ። የሬዲዮ ሠሪው ፀጉር ከጆሮው በላይ ሸበተ። ጎሚስታው ወገቡን ታሞ ጎማ ማንሣት ቢያቅተውም ወንበሩን ደጃፍ አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን መልከፉን አልተወም።

አንድ ረፋድ ላይ የሚታወቅ ሞተር ከመንገዱ ጫፍ ተሰማ። ሬዲዮ ሠሪው የያዘውን ካቻቪቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቆመ። በዚህኛው ጊዜ ምንም አልቆለፈም፣ ምንም አላወለቀም። በቱታው ወጣ።

ከመሪው ኋላ ያለችው ሴት ጥቁር ለብሳለች። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«አባዬ ዐረፈ» አለችው ሰላም ከተባባሉ በኋላ።

«ነፍሳቸውን ይማር። ቁልቁለቱ ላይ ማርሹ የጮኸባቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ፈገግ አለች። «መኪናዋን የባለቤቴ ወንድም ሊወስዳት ነው። ሬዲዮኑ ግን እኔ ጋ እንዲቀር ፈልጌ ነው። እንድታወጣልኝ ነው የመጣሁት።»

«እርስዎ ካሉ…»

«እንደገና እርስዎ ሆንኩ?»

የባትሪውን ሽቦ ለመንቀል ኮፈኑን ከፈተ። እሷም ወርዳ እንደ ድሮው አጠገቡ ቆመች። ቀዩ መስመር ደብዝዟል፣ አቧራ ጠጥቷል፤ አልተሰበረም። ሁለቱም አዩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ያን ጊዜ አውቀህ ነበር አይደል?»

«ምኑን?»

«ዳዶውን የማላላው እኔ መሆኔን።»

ጎሚስታው ከወንበሩ ላይ ያወራ የነበረውን አቆመ። ሬዲዮ ሠሪው ዳዶውን እያየ ቆየ።

«አላወቅሁም» አለ።

«ጭረቱን አላየኸውም?»

«አየሁት። የራሴ መፍቻ መስሎኝ ነው። ስንፍናዬ መስሎኝ ነው።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቀስ እያለች፣ በመካከል እያቋረጠች፣ የጃኬቱን ሰውዬ ታሪክ ነገረችው፤ ድርቡን ክር፣ ዳበስ ዳበስ ያደረገውን ቁልፍ፣ ያለ ቃል የተሰጠውን መልስ። «አንተም እንደዚያ የመለስክልኝ መሰለኝ። ከእንግዲህ አትመላለሺ አልከኝ።»

«ለዚህ ብለሽ አትመላለሺ ነው ያልኩት። ሳይበላሽ እንድትመጪ ነበር። መኪናሽ እጄ ላይ ታምማ ሳለ ስለራሴ መናገር ነውር መሰለኝ። ስትድን፣ በነጻነት ስትመጪ ልነግርሽ…»

«መጥቼ ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ሸሚዝ እየለበስኩ ነበር።»

ሳቀች። ያው የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ነበር፤ አሁን ግን ከሥሩ ያለውን ሰማው። በዚህኛው ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠው፤ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለውጦ ጸጥ እስኪል ድረስ።

«ባለቤቴ ደግ ሰው ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «አባዬን እንደ አባቱ ነው የጦረው።»

«ተመስገን» አለ። ከልቡ ነበር ያለው፤ ቢያመውም ከልቡ ነበር።

«አንተስ?»

«እኔ አላገባሁም።»

ሬዲዮኑን አውጥቶ አቧራውን ጠረገ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። አባቷ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ አኖረችው፤ እንዳይንከባለል በእጇ ደገፍ አደረገችው።

«በል እንግዲህ» አለች።

«ደህና ግቢ» አለ። «ደህና ግቢ አንቺ።»

መኪናዋ ያለ ዜና፣ ያለ ዘፈን፣ በሞተሯ ድምፅ ብቻ ሄደች። እሱ መንገዱ መሐል ቆሞ ድምፁ ከከተማው ድምፅ ጋር እስኪቀላቀል አዳመጠ፤ ከተቀላቀለ በኋላም እሱ ገና ይለየው ነበር።

ጎሚስታው ከወንበሩ ላይ፣ «እኔ እነግርህ ነበር እኮ» አለ።

«ነግረኸኛል» አለው። «አልሰማሁህም።»

አሁንም እዚያው ሱቅ ይሠራል። ጠዋት በሩን ሲከፍት ይጸልያል፤ ቀዩን ቀለምም አልተወውም። አንድ ነገር ብቻ ጨምሯል። የሠራው ዳዶ ላልቶ ሲመለስ ወዲያው አያጠብቀውም። ቀና ይልና ባለመኪናውን «ማን ነካው?» ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ትከሻውን ይሰብቃል፤ አንዳንዱም «ምን ይጨቀጭቀናል» ብሎ ይሳሳቃል። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ሳይሰማ መፍቻውን አያነሣም።